ያልተጋነነው ሞት

ሰውየው የተገኘው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነው። እግሮቹን ዘርግቶ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት የአጋዘን፣ የጎሽና የከርከሮ ራሶች በመስታወት ዓይናቸው ቁልቁል ያዩታል። አንገቱን የከበበው የጠፍር ሰንበር ባይኖር ኖሮ፣ ወሬ ሲያዳምጥ እንቅልፍ የጣለው ሰው ይመስል ነበር።

ቀኑ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1949 ዓ.ም. ነው። ቦታው ፒያሳ፣ ከአንድ የቆዳ መደብር ፎቅ ላይ የሚገኘው የበረሃ ወዳጆች ማኅበር ክፍል። አባሎቹ ሹማምንት፣ ነጋዴዎችና ጸሐፊዎች ናቸው፤ በዓመት ሁለቴ ቆላ ወርደው ያድናሉ፤ የቀረውን ጊዜ ስላደኑት ያወራሉ። እኔ መቶ አለቃ ፍስሃ እባላለሁ፤ መርማሪ ነኝ። አስቀድሜ ልናዘዝ፤ የአዳኝ ወሬ አልወድም። አጎቴ አዳኝ ነበር፤ ልጅነቴን በሙሉ አንድ የሞተ ነብር ከዓመት ዓመት ሲያድግ አይቻለሁ።

ሬሳውን ያገኘችው ክፍሉን የምታጸዳው ሙሉእመቤት ናት። በሩ ጥግ ቆማለች። የገረመኝ ሬሳውን አለማየቷ ነው። ዓይኗ የተተከለው ከሟቹ ፊት ለፊት በተሰቀለ ፎቶግራፍ ላይ ነበር። ጥቁር ጥብጣብ በታሰረበት ክፈፍ ውስጥ ባርኔጣ የደፋ ወፍራም ሰው ይስቃል።

«ማነው እሱ?» አልኋት።

«አቶ ከተማ ናቸው ጌታዬ። የዛሬ ሰባት ዓመት በረሃ የቀሩት። ነፍስ ይማር።»

«ወንበሩ ላይ ያለውንስ ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም» አለች፤ ከመመለሷ በፊት ግን አማተበች።

«የክፍሉ ቁልፍ ማን ማን ዘንድ ነው?»

«አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ሊቀ መንበሩ ጋ። አቶ ወርቅአፈራሁ ጋ።»

ሟቹ ከአጥንትና ከቆዳ በቀር ነገር የለውም። ፊቱን ፀሐይ አጥቁሮታል፤ የፊት ጥርሶቹ ረግፈዋል። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሮ፣ ያለ ወጌሻ እንደ ነገሩ ገጥሞ ተጣሟል። ኪሱ ውስጥ ከአዋሽ የተቆረጠ የባቡር ቲኬት፣ አንገቱ ላይ አንድ ክታብ ተገኘ። ሐኪሙ ሰኞ ምሽት ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የታነቀው አለ። ዘመድ ካልመጣለት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ማዘጋጃ ቤት ያለ ስም ይቀብረዋል።

*

ወርቅአፈራሁ ቁመተ ረጅም፣ ደረተ ሰፊ፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ ሰው ነው። አራዳ ውስጥ የማያውቀው የለም፤ «ባለ ሃያ አንዱ ቀን» ይሉታል። በ1942 ከወዳጁ ከከተማ ጋር ከአዋሽ በታች ለአደን ወርዶ፣ መንገድ መሪው በቅሎዎቹን ይዞ ጠፍቶባቸው፣ ከተማ ሲሞት እሱ ብቻውን ሃያ አንድ ቀን ተጉዞ የወጣ ጀግና ነው። ጤዛ ከቅጠል እየላሰ። ከአንበሳ ጋር እየተናነቀ።

«ሟቹን አላውቀውም» አለኝ። «ሙሉእመቤት አንዳንዴ በሩን ሳትቆልፍ ትሄዳለች። ለማኝ ገብቶ ይሆናል፤ ሌላ ለማኝ ተከትሎ ገድሎት ይሆናል።»

«ሰኞ ምሽት የት ነበሩ?»

ሳቀ። «ከመንገዱ ማዶ ሆቴሉ ውስጥ፣ የማኅበሩ እራት ላይ። ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት። የበረሃውን ታሪክ ተርክ ተብዬ ስተርክ ነበር። አርባ ሰው ሰምቶኛል፤ ይጠይቋቸው።»

ጠየቅኋቸው። አሥራ ሁለቱን አነጋገርሁ፤ አሥራ ሁለቱም ከአፉ አልተለየንም አሉ። እንዲህ ያለ ምስክር የሚገኘው ለቅዱሳን ብቻ ነው፤ እሱም አናደደኝ።

*

አንድ የማያምነው አባል አለ፤ አጽብሐ ይባላል። ከዓሥር ዓመት በላይ የጨው ቅፍለት እየመራ አፋር የተመላለሰ፣ አሁን ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ጨውና ማር የሚሸጥ የመቀሌ ሽማግሌ ነው። እሱን መጀመሪያ የጠረጠርሁት በምክንያት ነው። ባለፈው ወር በማኅበሩ ፊት «ይኼን ተረት የሚያፈርስ ምስክር ከአዋሽ አመጣለሁ» ብሎ ፎክሮ ነበር። ሟቹ ደግሞ ከአዋሽ ነው የመጣው። ምስክሩ በገንዘብ ተጣልቶት፣ ወይም ተረቱ እውነት ነው ብዬ ልመስክር ብሎት፣ ገድሎት ይሆናል ብዬ አሰብሁ።

«የኔ ምስክር የባቡር ዘበኛ ነው፤ ሙሉ ጥርስ ያለው» አለኝ አጽብሐ፣ ሬሳውን አይቶ ሲመለስ። «ገና በሚቀጥለው ሳምንት ነው የሚመጣው። ደውለህ ጠይቅ።»

ደወልሁ። ዘበኛው በሕይወት አለ፤ ድምፁም ጥርሱ ሙሉ እንደሆነ ይናገራል።

«ለመሆኑ ታሪኩን ለምን አያምኑትም?» አልሁት ስመለስ።

«ወይ ጉድ! እኔ ግመል በውሃ ጥም ሲሞት ያየሁ ሰው ነኝ። ያን ቆላ ሰው ያለ ውሃ ሦስት ቀን አያልፍም፤ ይኼ ጤዛ ልሶ ሃያ አንድ ቀን! ደግሞ ሃያ አንድም አልነበረም። መጀመሪያ ሲመጣ ዘጠኝ ቀን ነበር፤ አንበሳውም አንድ። በሦስተኛው ዓመት አሥራ አምስት ቀንና ሁለት አንበሳ ሆነ። አሁን ሃያ አንድ ቀን ነው፤ አንበሶቹም ወልደው ከብደዋል።»

ሳልወድ በግድ ሳቅሁ። «የወዳጁ ሞትስ? እሱስ ስንት ሆኗል?»

አጽብሐ ሽበቱን አሸት አሸት አደረገ።

«እሱስ… እንደ ነበረ ነው። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ያው ሦስት ቃል ነው። ‹ከተማ ከገደል ወደቀ። ቀኝ እግሩ ተሰበረ። የክርስትና ስሙን ነግሮኝ እጄ ላይ ሞተ።› በቃ። ከዚያ እንባ ይቀድመውና ወደ ውጭ ይወጣል፤ እኛ አንገታችንን ደፍተን እንጠብቀዋለን። ሲመለስ ወደ አንበሶቹ ይገባል።»

ከሱቁ ስወጣ ይኼ ነገር አብሮኝ ወጣ። ሁሉን የሚያሳድግ ሰው፣ አድማጩን በእንባ የሚያርስበትን ቦታ ለምን ሳያሳድግ ተወው? ሁሉም አንበሳው ላይ ሲከራከር ስለ ከተማ ሞት የጠየቀ አልነበረም። ቀኝ እግሩ ተሰበረ ሲለኝ ደግሞ የዚያ ሬሳ ጣማ እግር ዓይኔ ላይ መጣ።

*

ወደ ሙሉእመቤት ተመለስሁ። «ማክሰኞ ጠዋት ፎቶግራፉን ነበር የምታዪው። ለምን?»

ዞር ብላ በሩን አየች። ድምጿ ሹክሹክታ ነበር።

«ያን ሥዕል ስድስት ዓመት በየቀኑ ወልውዬዋለሁ ጌታዬ። እናቴን እንኳ እንዲያ አላየኋትም። ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከድልድዩ ወደ ፒያሳ ስወጣ አንድ ሰው እያነከሰ በአጠገቤ አለፈ። ከስቷል፤ ጠቁሯል። ግን ቅንድቡ፣ ጆሮው፣ ግንባሩ ያ ሥዕል ነው። ከግድግዳው የወረደ መሰለኝ።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ምን ልበል? ሰባት ዓመት የሞተ ሰው በቀን ብርሃን ሲሄድ አየሁ ልበል? አማኑኤል ይወስዱኛል። ደግሞ አየኝና ፈገግ አለ። ጥርስ የለውም።»

የአቶ ከተማ ቤት የት እንደሆነ ጠይቄያት ወጣሁ።

*

የከተማ ሚስት ተናኘወርቅ አፍንጮ በር ትኖራለች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሰባት ዓመት ጥቁር ለብሳ ግን ከዕድሜዋ በላይ ሆናለች። ግቢዋ ውስጥ ጋን ታጥቦ ተደፍቷል፤ ከአሥር ቀን በኋላ የሰባተኛ ዓመቱን ተዝካር ታወጣለች። ሬሳ ልታይልኝ እንደምፈልግ ስነግራት ምክንያቱን አልጠየቀችኝም፤ ነጠላዋን ለብሳ ተከተለችኝ።

ሆስፒታል ገብታ ከሬሳው ራስጌ ብዙ ቆየች። እጁን ገልጣ አየች፤ መልሳ ሸፈነችው፤ ደግማ ገለጠችው።

«እጁን ሳየው እሱ ይመስለኛል» አለች። «ፊቱን ሳየው አይመስለኝም። ከተማ ወፍራም ነበር፤ ሳቂታ ነበር። ታንቆ የሞተ ሰው ፊት ደግሞ የማንም አይደል።»

«ይህን ክታብ ያውቁታል?»

«አላውቀውም። ሲሄድ አልነበረውም።»

ክታቡን ቀደድሁት። ከብራናው መሃል በቀይ ቀለም «ዕቀቦ ለገብርከ ወልደሥላሴ»፣ ባሪያህን ወልደሥላሴን ጠብቀው፣ የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«የአቶ ከተማ የክርስትና ስም ማን ነበር?»

«ነግሮኝ አያውቅም። በሰማንያ ነው የተጋባነው። ‹ደብተራ ሰምቶ እንዳይደግምብኝ› እያለ ይቀልድ ነበር። ለፍትሐቱ ስሙን ለቄሱ የነገረው ወርቅአፈራሁ ነው፤ ሊሞት ሲል ነግሮታላ።»

ፍትሐቱን የሚያደርሱትን መምሬ ገብረአብን ፈልጌ ጠየቅሁ። በየሙት ዓመቱ ያነሱት የነበረው ስም ወልደሥላሴ አልነበረም። ወልደገብርኤል ነው።

ስለዚህ ሬሳው ከተማ አይደለም። ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ። ለተናኘወርቅ ስነግራት መቀመጫ ፈልጋ ተቀመጠች።

«እርግጠኛ ነዎት?» አለችኝ።

ክታቡን መልሼ ጠቀለልሁት።

«መቶ አለቃ፣ እሱ ከሆነ ይንገሩኝ። ካልሆነም ይንገሩኝ። ከሆነ ሰባት ዓመት በሕይወት ኖሮ ወደ እኔ አልመጣም ማለት ነው፤ እሱንም እችለዋለሁ። መሃል ላይ ግን አይተዉኝ። ነገ ያለ ስም ከቀበሩት፣ እኔ እስክሞት መሃል ላይ ነኝ።»

*

ሐሙስ ጠዋት ተናኘወርቅ ራሷ ሰው ላከችብኝ። እማሆይ የሺዓለም ለተዝካሩ ከደብረ ሊባኖስ መጥተዋል። እኚህ መነኩሴ ከተማንና ወርቅአፈራሁን በኅዳር በሽታ ጊዜ ወላጆቻቸው ሲያልቁ ከአንድ ግቢ አንስተው ያሳደጓቸው ናቸው። ገዳም ከገቡ ዓሥር ዓመት አልፏቸዋል። ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

«እማሆይ፣ የከተማ የክርስትና ስሙ ማነው?»

«ወልደሥላሴ ነዋ ልጄ። ክርስትና ያስነሳሁት እኔ ነኝ።»

ተናኘወርቅ ወደ እኔ ዞረች። እኔም «በቤተ ክርስቲያን ፍትሐት ሲደርስለት የኖረው ግን በወልደገብርኤል ነው» አልኋቸው።

መቁጠሪያው ቆመ። የማያዩት ዓይኖቻቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«ወልደገብርኤልማ ወርቅአፈራሁ ነው» አሉ። «ወርቅአፈራሁ መቼ ሞተና?»

*

ከዚያ በቀጥታ ወደ አጽብሐ ሱቅ ሄድሁ። «እንባ ሲቀድመው ይወጣል ያሉኝ፣ ውጭ ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«ሁልጊዜ አራት ደቂቃ» አለ። «እኔ ስለማላለቅስ ሰዓቴን አያለሁ።»

«ባለፈው ሰኞስ?»

«አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ወጣ። የተመለሰው ከአሥራ ስምንት ደቂቃ በኋላ ነው። እንኳን ውጭ ቀረ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

አርባ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ ለሟቹ ዝም ብሎ። ለቅሶ ላይ ሰዓት የሚያይ የለም፤ ተጠራጣሪ ካልሆነ በቀር።

*

ወርቅአፈራሁን በማኅበሩ ክፍል አገኘሁት። ሬሳው የነበረበት ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ጠየቅሁት፤ ፈቅዶ ተቀመጠ።

«ታሪኩን ለእኔ አልነገሩኝም» አልሁት። «ከመጀመሪያው ይጀምሩልኝ።»

ዓይኑ በራ። እንዴት እንደሚያወራ አልዋሽም፤ ድንቅ ነው። የመንገድ መሪውን ክዳት፣ የድንጋዩን ግለት፣ የጅቡን ሳቅ እዚያው ክፍል ውስጥ አመጣው። ከግድግዳው ያሉት ራሶች የሚያዳምጡ መሰለኝ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ።

«ከተማ ከገደል ወደቀ። ቀኝ እግሩ ተሰበረ። የክርስትና ስሙን ነግሮኝ፣ እጄ ላይ ሞተ።»

ተነሣ። ወደ በሩ ሄደ። እጁን መዝጊያው ላይ አደረገ።

«ዛሬ አትውጣ» አልሁት፤ አንቱታው ቀረ። «ተመለስና ጨርሰው። ስንት ሰዓት ላይ ሞተ? ምን አለ? በምን ቀበርኸው?»

አፉ ተከፈተ፤ ግን ቃል አልወጣም። ለሃያ አንድ ቀን ሙሉ ቃል ያላጣ ሰው።

«እማሆይ የሺዓለም መጥተዋል» አልሁት። «ወልደገብርኤል አንተ ነህ አሉኝ። ሰባት ዓመት ፍትሐት የሚደረሰው ለአንተ ነው።»

ወደ ወንበሩ ሳይመለስ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ግዙፉ ሰው ሲኮማተር በዓይኔ አየሁት።

«ትቼው ስሄድ ይጠራኝ ነበር» አለ። «ውሃው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ያለኝን ይዤ ሄድኩ። ብዙ እስክርቅ ድረስ ስሜን ይጠራ ነበር። በሦስተኛው ቀን አፋሮች አገኙኝ፤ ሌላው ሁሉ ውሸት ነው። አዲስ አበባ ስደርስ ሞተ አልኩ። ለሰው መዋሸት አይከብደኝም። ቄሱ ግን ‹ስመ ክርስትናው ማነው?› ሲሉኝ… ሲጠራኝ ጥዬው የመጣሁትን ሰው፣ ምናልባት በሕይወት ያለውን ሰው፣ በእግዚአብሔር ፊት ስሙን ለመቃብር መስጠት አቃተኝ። አፌ ላይ የመጣው የራሴ ሆነ።»

«በሕይወት መኖሩን መቼ አወቅህ?»

«በሁለተኛው ዓመት። እኔን ያገኙኝ እነዚያው ሰዎች አንስተውት፣ አዋሽ አጠገብ ከብት ይጠብቅ ነበር። በባቡር ሠራተኛ ላከብኝ፤ እኔ ክፉ የሠራሁ አልመሰለውም፤ እርዳታ ፍለጋ የሄድኩ ነው የመሰለው። ‹አሁን አንካሳ ነኝ፤ ተናኘ ትቀበለኝ እንደሆን ጠይቅልኝ› አለ። ‹አግብታለች፣ ወልዳለች› ብዬ መለስኩለት። ዝም አለ። አምስት ዓመት ዝም አለ።»

«ሰኞ ለምን መጣ?»

«ተዝካሩን ልታወጣ መሆኗን ሰምቶ። ያገባች ሴት ለመጀመሪያ ባሏ ተዝካር አታወጣም ብሎ፣ ውሸቴ ገባው። ደጄ ላይ ቆሞ ‹የራሴን ተዝካር ልበላ መጣሁ› ብሎ ሳቀ። እስከዚያ ድረስ እንኳ አልተቆጣኝም። እዚህ አምጥቼ አስቀመጥኩት፤ ‹እራቱ ላይ በድንገት አወጣሃለሁ፣ ሁሉ ይደነቃል› አልኩት። ቀልድ ይወድ ነበርና እሺ አለ። ታሪኩ እዚያ ጋ ሲደርስ እንደ ሁልጊዜው ወጣሁ… ከኋላው ስገባ ‹ደረሰ?› አለኝ። ፊቱን አላዞረም። ከዚያ ተመልሼ አንበሶቹን ተረክሁ።»

ብዙ ገዳይ ይዣለሁ፤ እንዲያ የፈራሁት ግን የለም። አርባ ሰው ለከተማ ሞት አንገቱን ደፍቶ ሳለ፣ ያን ጊዜ ነበር ከተማ የሞተው።

*

ለተናኘወርቅ ሁሉንም ነገርኋት። «አግብታለች» የተባለውን ልዝለለው ብዬ አስቤ ነበር፤ መሃል ላይ አትተወኝ ያለችኝን አስታውሼ አልዘለልሁትም። እማሆይ የሺዓለም አጠገቧ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። እሷ አላለቀሰችም።

«እንባ የለኝም» አለችኝ፣ እንደ ማፈር ብላ። «በሕይወት እያለ ጨረስኩት።»

ልነሣ ስል አስቆመችኝ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው ያሉኝ?»

«ሰኞ ምሽት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ግድም።»

ከፒያሳ እስከዚያ ግቢ የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። እሷም ይህንኑ ነው መሰለኝ ያሰበችው፤ በሩን አየች፣ ከዚያ መዳፏን ገልብጣ አየችው።

«አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ለተዝካሩ ጌሾ እየወቀጥኩ ነበር» አለች።

ተነሥታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና፣ ማዘጋጃ ቤት ሳይወስደው እንድንደርስ ቀድማኝ ወጣች።